ሰባት ቀጫጭን ጥድ በአንድ ምጣድ ላይ

(ደሴ ላይ ለአትክልት ወዳጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። ቦንሳይ፣ ማለትም ዛፍን በሳህን ላይ አሳንሶ ማሳደግ፣ ሲባል ስልካችሁ ላይ የምታዩትን ያንን ጎባጣ፣ ግንዱ ክንድ የሚያህል፣ ብቻውን ሳህን ላይ የቆመ ሽማግሌ ዛፍ ለዛሬ እርሱልኝ። ሁሉም ሰው መጀመር የሚፈልገው ከእሱ ነው፤ ብዙው ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚያው ላይ ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ክንድ የሚያህል ግንድ ችግኝ ጣቢያ አይሸጥም። ከችግኝ ላወፍረው ያለ ሰው መሬት ላይ ተክሎ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ያልታገሰ ደግሞ ዶማ ይዞ ዳገት ይወጣል። የጎፍ ተራራ ጥግ ላይ ወይም ከአንዱ ገደል አፋፍ ፍየል ሲግጣት የኖረች፣ ድንጋይ ሥር ያረጀች ወይራ ያገኛል። ታምራለች፤ አልዋሽም። ግን ሥሯ ድንጋይ ሰንጥቆ የወረደ ዛፍ በአንድ ቀን ተነቅሎ ሳህን ላይ አይጸድቅም። የለመዱት ሰዎች እንኳ ዙሪያዋን እየቆፈሩ፣ በየጊዜው ጥቂት ሥር እየቆረጡ፣ ግንዷ አጠገብ አዲስ ሥር እስክታወጣ ጠብቀው ነው የሚያነሷት። ጀማሪ ሲነቅላት የሚተርፈው ማገዶ ነው። ዳገቱም በሚቀጥለው ክረምት አፈሩን የሚይዝለት ያጣል።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ጀማሪ በደን ይጀምር። አንድ ትልቅ ዛፍ ፍለጋ ከመንከራተት፣ አምስት ወይም ሰባት ተራ ችግኝ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አብሮ መትከል። ጃፓኖች ዮሴ-ዉኤ ይሉታል። ደን ከባድ ይመስላል፤ «አንዱን ያልቻልኩ ሰባቱን እንዴት እችላለሁ» ይባላል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ብቻውን የሚቆም ዛፍ ጉድለቱን የሚሸፍንለት የለውም፤ ግንዱ ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ መሄድ አለበት፣ ሥሩ በአራቱም አቅጣጫ መታየት አለበት፣ ቅርንጫፉ በቦታው መውጣት አለበት። ደን ውስጥ ያለ ዛፍ ይህ ሁሉ አይጠየቅም። በአንድ ጎኑ ቅርንጫፍ የሌለው ችግኝ ብቻውን ቢተከል ያስቀይማል፤ መሐል ላይ ወይም ዳር ላይ ሲገባ ግን ልክ ያ ጎኑ ነው የሚፈለገው።

አሁን ችግኝ ጣቢያ ያለውን ጥድ አስቡት። ፕላስቲኩ ከፕላስቲክ ተጠጋግቶ ነው የሚደረደረው። ችግኙ ጎረቤቱ ብርሃን ስለሚጋርደው ወደ ጎን ከመስፋት ይልቅ ወደ ላይ ይሮጣል፤ የታችኛው ቅጠሉም ይረግፋል። ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ አናቱ ላይ ብቻ ቅጠል ያለው ይሆናል። ጫካ ውስጥ ያለ ዛፍም እንዲህ ነው የሚያድገው። ችግኝ ጣቢያው ሳያስበው የሥራውን እኩሌታ ጨርሶላችኋል ማለት ነው። በተለይ የተከላው ወቅት አልፎ ሳይወሰድ የቀረ፣ ሥሩ ፕላስቲኩን የሞላ፣ ማንም የማይፈልገው ችግኝ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ።

ስለ አመጣጡ በአጭሩ ልናገርና ወደ ሥራው እንግባ። ዛፍን በሳህን ማሳደግ ከቻይና ወደ ጃፓን የተሻገረ ጥበብ ነው። በ1923 እ.ኤ.አ. ቶኪዮን ካወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የከተማዋ ቦንሳይ አሳዳጊዎች ንጹሕ አየርና ሰፊ መሬት ፍለጋ ወጥተው ኦሚያ በተባለ ቦታ በ1925 መንደር መሠረቱ። በደን ተከላ ስማቸው የሚነሳው ሳቡሮ ካቶ (1915–2008) የዚያው መንደር ሰው ነበሩ።

እኔ ግን ጊዜ ሰጥቼ ላወራላችሁ የምፈልገው ስለ ቦንሳይ አሳዳጊው ጆን ናካ ነው። ናካ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ የተወለደ፣ ልጅነቱን ጃፓን ያሳለፈ ሰው ነው። በ1948 ጥድ መግራት ጀመረ፤ በ1964 አካባቢ ደግሞ ለየብቻ ያሳደጋቸውን ጥዶች አንድ ሳህን ላይ ሰበሰባቸው። ሐሳቡን የሰጠው ጃፓን ውስጥ በአንድ ቤተ መቅደስ አጠገብ የሚገኝ ደን ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ የልጅ ልጁ አንድ ዛፍ እንዲኖር እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ 11 ዛፍ ሆኑ። ጎሺን ይባላል። በ1984 ለገሰው፤ ዛሬም ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ይታያል። ዓለም ላይ ከሚታወቁት የቦንሳይ ደኖች ሁሉ የሚቀድመው እሱ ሳይሆን አይቀርም። የተሠራውም ከጥድ ነው፤ ዝርያው ከእኛ ቢለይም ወገኑ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ናካ የተነሣው የአምልኮ ቦታ ከከበበ ደን ነው። ወሎ ውስጥ ይህን ለማየት የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልጋል? ገጠር ስትሄዱ በታረሰው ኮረብታ ላይ ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ክብ ካለ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ መስጊድ ነው፣ ወይ የአንድ ሼህ መቃብር ነው። ላስታ ይምርሐነ ክርስቶስ የወረደ ሰው ዋሻውን የከበበውን ጥድ አይረሳውም። ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ፓርክ የገባም እንዲሁ። ጃፓን የተነሣ ፎቶ እያያችሁ ከምትኮርጁ እነዚህን ሄዳችሁ እዩ። ከፎቶ የተኮረጀ ደን የጃፓንም አይሆን፣ የእኛም አይሆን።

ስታዩ ግን እንደ ምእመን ብቻ ሳይሆን እንደ ተካይም እዩ። ከደኑ ውጭ፣ ዳሩ ላይ ቁሙ። ዳር ላይ ያሉት ዛፎች ወደ ውጭ ያዘነበሉ ናቸው፤ ቅርንጫፋቸው ከታች ይጀምራል፣ ግን ወደ ብርሃኑ፣ ወደ እናንተ በኩል ብቻ ነው የወጣው። በጀርባቸው ባዶ ናቸው። መሐል ያሉት ቀጥ ብለው የወጡ፣ እስከ አናታቸው ድረስ ግንድ ብቻ ናቸው። ወፍራሙ ረጅም ነው፤ ቀጭኑ አጭር። ቀጭን ሆኖ ከወፍራሙ የሚበልጥ አታገኙም፤ ብርሃን ያላገኘ ከየት አምጥቶ። ከዚያ ደግሞ መሬቱን እዩ። ዛፎቹ እኩል አልተራራቁም። እዚህ ሦስቱ ተጠጋግተው እርስ በርስ ሊተሻሹ ደርሰዋል፤ እዚያ ደግሞ አንድ ያረጀ ወድቆ ክፍት ሆኗል፣ ብርሃን ገብቷል፣ ሣር በቅሏል። ዓይናችሁ የሚሄደው ወደዚያ ክፍት ቦታ ነው። ጀማሪው የሚዘነጋው ይህንኑ ነው፤ ዛፍ ሲተክል ባዶውን መተው ያሳዝነዋል፣ ምጣዱን ይሞላዋል። የተሞላ ምጣድ ደግሞ ጎመን መደብ ነው የሚሆነው።

ወደ ዛፍ ምርጫው እንምጣ። ለደሴና ለአካባቢዋ ደጋ የመጀመሪያ ምርጫዬ የሐበሻ ጥድ ነው። ከጥድ ዘሮች ሁሉ በቁመት የሚስተካከለው የለም፤ በዱር እስከ 40 ሜትር ይደርሳል። ይህ ግዙፍ በምጣድ ላይ ሲታዘዝ ማየት ራሱ ደስ ይላል። ልጅ ሳለ ቅጠሉ እሾህ ነው፣ ይወጋል፤ ሲበስል ልስልስ ብሎ ቀንበጡ ላይ የተለጠፈ ቅርፊት መሳይ ይሆናል። አንድ ጊዜ ብዙ ከተቆረጠ ተናዶ ወደ እሾሁ ይመለሳል፤ ስለዚህ ጥቂት በጥቂት ነው። ሁለተኛው ወይራ ነው። ወይራ ለሥር መቁረጥ ደንታ የለውም፣ ከአሮጌ ግንዱ ላይ ሁሉ ያቆጠቁጣል፤ ለፈሪ ሰው የሚመከር ዛፍ ነው። ቀጨሞን ብዙ ሰው ቁጥቋጦ ነው ብሎ ይንቀዋል፤ ቅጠሉ ግን ትንሽ ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ዓመት ደን ይመስላል። የፈረንጅ ጥድ በየትም ይገኛል፣ ርካሽ ነው፣ ችግሩ ቅጠል ከሌለው ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ዳግመኛ አለማቆጥቆጡ ነው፤ አንዴ ከቆረጣችሁ ቆረጣችሁ። ባህር ዛፍ አትሞክሩ። ዋንዛና ኮሶም ቅጠላቸው ምጣዱን ስለሚሸፍን ለዚህ አይሆኑም። ደግሞ ጥድና ወይራ አትቀላቅሉ፤ በዱር አብረው ይኖራሉ፣ በምጣድ ላይ ግን የውሃ ፍላጎታቸውም እድገታቸውም ይለያያል፣ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል።

ችግኝ ስትመርጡ ሻጩ «ይቺ ጥሩ ናት፣ ይቺም እኩያዋ ናት» ይላችኋል። እኩያዋን አትፈልጉ። አንድ በጣም ወፍራም፣ ሁለት መካከለኛ፣ የቀሩት ቀጫጭን። ሰባት ልትተክሉ አሥር ግዙ፤ ሥሩ ሲፈታ የማይሆን ይኖራል። እስከ አሥር ባለው ጎዶሎ ቁጥር ይመረጣል፣ ምክንያቱም ዓይን በሁለት እኩል ሊከፍለው አይችልም። ከአሥራ አምስት ከበለጠ ማንም ቆጥሮ አይጠይቃችሁም።

ሳህኑስ? የቦንሳይ ሳህን እዚህ ገበያ አይገኝም፤ ቢገኝም ለደን የሚሆነው ሰፊው ውድ ነው። ሁላችሁም ቤት ግን ያረጀ ምጣድ አለ። ዳሩ የተሸረፈ፣ እንጀራ የሚይዝ፣ እናት «ይቅር፣ ለሆነ ነገር ይሆናል» ብላ ጓሮ ያስደገፈችው። ስፋቱ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለሰባት ዛፍ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ፊቱ ዘይት የጠጣና የለሰለሰ ስለሆነ ጭቃ አይይዝም። ገልብጡትና ሻካራ ጀርባው ላይ ትከሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ከሆነማ ሽቦው የሚቀበርበት ቦይ ጀርባው ላይ ተቆፍሮ አለ፤ ጀሶውን ፈልፍላችሁ አውጡ፣ ጭቃው እዚያ ቦይ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል።

መብሳቱ ነው የሚያስፈራው። ምጣዱን እርጥብ አሸዋ ላይ በደንብ አስተኙት፤ ከሥሩ ባዶ ቦታ እንዳይኖር። ድሪሉን የግንብ ጫፍ አድርጉለት፣ የሚመታበትን መዶሻውን አጥፉ፣ ዝም ብሎ ይዙር። አንዱ ሰው ይብሳ፣ አንዱ በሃይላንድ ጠብ ጠብ እያደረገ ውሃ ያፍስስበት። አትጫኑት። አቧራው ቀይ ጭቃ ሆኖ እየወጣ ቀስ ብሎ ይበሳል። ትንሿ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አምስት ስድስት ቦታ፣ ከዚያ ሽቦ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቀዳዳዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው። የውሃ መውጫውን ነገር እንደ ቀላል አትዩት። ናካም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ከኋላ የተከላቸው ዛፎች እየደረቁ አስቸግረውታል፤ ምክንያቱ ውሃው በደንብ አለመውጣቱ ነበር። ሰፋ ወዳለና ውሃ ወደሚያስወጣ ሳህን ሲያዛውራቸው ነው የተረጋጋው።

አፈሩን በተመለከተ የጓሮ ጥቁር አፈር አታምጡ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዋልካ ክረምት ይጨቀያል፣ በጋ ድንጋይ ይሆናል፤ ሥር የሚተነፍስበት ቀዳዳ አይኖረውም። በዓለም ላይ ቦንሳይ የሚተክሉ ሰዎች ፑሚስና የእሳተ ገሞራ ጠጠር በውድ ይገዛሉ። እኛ ብሎኬት እንሠራበታለን። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች ጋ ሂዱና አንድ ማዳበሪያ ፑሚስ ለምኑ፤ መንገድ ላይ የሚደፋውን ቀዩን ጠጠር፣ ሬዳሽ የምንለውን ጨምሩበት። በወንፊት ንፉት። ዱቄቱን ጣሉ፣ ትልልቁን ጣሉ፤ ከምስር እስከ አተር የሚያህለውን ያዙ። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ ሬዳሽ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰና የተነፋ ብስባሽ። በቃ።

ግን ምጣድ ጠርዝ የለውም፣ ይህ ጠጠር በመጀመሪያው ዝናብ ይሄዳል ትላላችሁ። ትክክል ነው፤ ስለዚህ ዙሪያውን በጭቃ እናጥራለን። ጃፓኖች ለዚህ የረግረግ ጭቃ አላቸው። እኛ ዘንድ ግን ቤት የሚመርግ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ዋልካ ከጤፍ ጭድ ጋር ውሃ ውስጥ ለቀናት ይቦካል፤ ጭዱ እስኪለሰልስ፣ ጭቃው በእጅ ተጠቅልሎ ሳይሰነጠቅ እስኪታጠፍ። ለምርጊት እበት የምንጨምረውን ግን እዚህ አትጨምሩ፣ ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል፤ የበሰበሰ ብስባሽ ተኩበት። ሦስት አራት ሴንቲ የሚሆን አጥር፣ ወጣ ገባ ያለ እንጂ በገመድ የተለካ ክብ አይሁን። ድንጋይም ጣል አድርጉበት።

ጊዜው ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መግቢያ ነው። ደመና አለ፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ የተቆረጠ ሥር ቅጠሉን ውሃ የማጠጣት ጭንቀት አይበዛበትም። በልግ ላይም ይቻላል፣ በልጉ ከታመነ። የወሎን በልግ እናንተው ታውቁታላችሁ።

አሁን ተከላው። ችግኞቹን ከማውጣታችሁ በፊት ምጣዱ ዝግጁ ይሁን፤ ቀዳዳው ላይ የወንፊት ቁራጭ፣ ሽቦው ገብቶ ጫፉ ወደ ላይ ቆሞ፣ ጭቃው ታጥሮ፣ ከሥር ስስ ጠጠር ተነጥፎ። ከዚያ ፕላስቲኩን በምላጭ ከጎን ቅደዱት። ጊዜው ያለፈበት ችግኝ ከሆነ ሥሩ ታች ደርሶ፣ መውጫ አጥቶ፣ እየዞረ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ያንን ጥቅልል በመጋዝ ወይም በሚቆርጥ ቢላ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ቁረጡት። የቀረውን በስንጥር ከዳር ወደ መሐል ሳይሆን ከመሐል ወደ ዳር እያበጠራችሁ ፍቱ። ጥድ ከሆነ አፈሩን ሙሉ በሙሉ አታራግፉት፤ ግማሹ ይቆይ፣ ሥሩን የሚረዳው ጥቃቅን ፈንገስ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ከሥሩ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። ወይራ ከሆነ ከዚህ በላይ ልትደፍሩ ትችላላችሁ። የተፈታውን ወዲያው እርጥብ ጆንያ ውስጥ ጠቅልሉ። «ቡናው እስኪፈላ» ብላችሁ ሥር ፀሐይ ላይ አትተዉ፤ የወሎ ቡና ሦስቱንም አስጠጥቶ ነው የሚለቃችሁ፣ ሥር ግን እስከ አቦል እንኳ አይቆይላችሁም።

መጀመሪያ የሚቆመው ወፍራሙና ረጅሙ ነው። አውራው እሱ ነው። መሐል አታድርጉት፤ ከምጣዱ ስፋት ሲሶ ላይ፣ ከአንዱ ዳር ወደ ውስጥ፣ ትንሽ ወደ ፊት ቀደም ብሎ። ሁለተኛው በውፍረት የሚከተለው ነው፣ እሱ አውራው አጠገብ ይጠጋል፤ ሁለት ሦስት ጣት ብቻ ይራራቁ። ሦስተኛው ራቅ ይላል፣ ሦስቱ ጎኑ እኩል ያልሆነ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ። ቀጫጭኖቹ ወደ ኋላ ይሂዱ። ቀጭንና አጭር ኋላ ሲሆን ዓይን ሩቅ ነው ብሎ ያምናል፤ ስድሳ ሴንቲ ሸክላ ላይ ርቀት የሚገኘው በዚህ ነው። አምስቱ አንድ ወገን ሆነው፣ ሁለቱ ደግሞ በሌላው ጎን ተነጥለው ይቁሙ። በሁለቱ ወገን መሐል ያለውን ባዶ ጠብቁት። አንድ ሲሶ ያህል ምጣድ ባዶ ቢቀር አይብዛባችሁ።

እያንዳንዱን ስታቆሙ ቁጢጥ ብላችሁ ዓይናችሁን ከምጣዱ እኩል አድርጉ። አንዱ ግንድ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ጋረደው? አንቀሳቅሱት። ከዚያ ተነሥታችሁ ከላይ እዩ፤ ሦስት ግንድ በአንድ መስመር ከተሰለፈ ደን መሆኑ ቀርቶ ሰልፍ ይሆናል። ወፍራም የአፈር ጓል ይዞ ተጠጋ የማይል ካለ ጓሉን በአንድ ጎን ሸርፉለት። አልቆምም ካሉ ደግሞ ከሸምበቆ ስንጥር ፍርግርግ ሠርታችሁ ግንዶቹን ከሥራቸው እሱ ላይ እሰሯቸው፤ ፍርግርጉ ከአፈር በታች ይቀበራል፣ ሥሩ እስኪያያዝ ያገለግላል። ያለዚያ ከቀዳዳው የወጣውን ሽቦ በሥሩ ላይ አሳልፋችሁ በፒንሳ አጥብቁ፤ ጥቁሩ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ይበቃል። ቅርፊቱን እንዳይቆርጠው ቁራጭ ጎማ ጣል አድርጉበት። ዛፉን በእጃችሁ ስትነኩት ምጣዱ አብሮ መነቃነቅ አለበት፤ ዛፉ ብቻውን ከተወዛወዘ የሚያወጣው አዲስ ሥር ሁሉ ይበጠሳል።

አፈሩን አልብሱና በስንጥር እየወጋችሁ በሥሩ መሐል አስገቡት። መሬቱ አውራው አካባቢ ከፍ ብሎ ወደ ዳር ዝቅ ይበል። ክረምት ላይ ድንጋይና የግንብ አጥር ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ በስሱ ልጣችሁ አልብሱት፤ ለውበትም ነው፣ ዝናቡ ጠጠሩን እንዳይወስድም ነው። በመጨረሻ ቀጭኑ ከወፍራሙ በልጦ ከቆመ አናቱን ቁረጡለት። መሐል ያሉትን የታች ቅርንጫፍ ቀንሱ። ከዚህ በላይ ግን በዚያን ቀን መቀስ አታንሡ። ጥድ ጉልበቱን የሚያጠራቅመው ቅጠሉ ላይ ነው፤ ሥሩን ቆርጣችሁ ቅጠሉንም ከወሰዳችሁበት ምን ይዞ ይነሣል።

ከዚያ ውሃ። ከሥር የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ድረስ ጠጣ ይባላል። ማጠጫ ከሌለ የሃይላንድ ክዳን በጋለ መርፌ ወጋግታችሁ እየጨመቃችሁ አጠጡ፤ በጆግ የሚያፈስ ሰው ደኑን ያፈርሰዋል። ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ ይቆይ። ጥላ ስል ሳሎን ማለቴ አይደለም። እነዚህ የደጅ ዛፎች ናቸው፣ ቴሌቪዥን አጠገብ ካስቀመጣችኋቸው ይሞታሉ። ቆርቆሮው በሚያንጠባጥብበት መስመርም አታድርጓቸው። በረዶ ሲመጣ አንሥታችሁ አስጠልሉ። ምግብ፣ ማለትም ፍግም ሆነ ብስባሽ ውሃ፣ አዲስ ቅጠል ካወጡ በኋላ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የደሴ ውርጭ ሲበረታ ሌሊቱን ከግድግዳ አስጠግቷቸው።

ጥድ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ከሞተ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። «አብሽር፣ ይዞልኛል» ብላችሁ ደስ ሲላችሁ እሱ ከሄደ ቆይቷል። ስለዚህ ቀለሙን አትመኑ፤ ጫፉን እዩ። አዲስ፣ ፈካ ያለ አረንጓዴ ጫፍ እየወጣ ከሆነ ሥር ይዟል። ጫፉ ደብዝዞ፣ በጣት ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አልያዘም።

ከተሰብሳቢው የተነሡትን ጥያቄዎች ላክልበት። አንድ አባት «ልጄ፣ ዛፍን እንዲህ ማቀጨጭ ግፍ አይሆንም ወይ?» አሉኝ። አባቴ፣ የተራበ ዛፍ በሳህን ላይ ሁለት ዓመት አይቆይም። የሚያሳንሰው በየጊዜው መቆረጡ እንጂ መራቡ አይደለም፤ ሥሩ ሲቆረጥ ደግሞ አዲስ ሥር ያወጣል፣ በዚያ ይታደሳል። ጎሺን በሚገኝበት በዚያው በዋሽንግተኑ ማዕከል ከ1625 ጀምሮ በሳህን የኖረ የጃፓን ነጭ ጥድ አለ። ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል ከባለቤቶቹ ከያማኪ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነበር፣ ተረፈ፤ በ1976 ጃፓን ለአሜሪካ ከሰጠቻቸው ቦንሳዮች አንዱ ሆኖ ሄደ። ዛሬም ቅጠል ያወጣል። አባት «እንዲህ ከሆነስ ይሁን» ብለው ሳቁ፤ ሙሉ በሙሉ ያመኑኝ ግን አልመሰለኝም።

አንዷ እኅት ከሰባቱ አንዱ ቢደርቅ ምን ላድርግ አለች። ምንም አታድርጊ። ቀጭን ከሆነ ቅርፊቱን ልጠሽ ደረቁን ግንድ እዚያው ተዪው፤ ደን ውስጥ የቆመ ደረቅ ዛፍ አይጠፋም። አልያም ከሥሩ ቁረጪው፣ ክፍት ቦታ ይሁን። ወዲያው ሌላ ለመትከል ስትቆፍሪ የሌሎቹን አዲስ ሥር ትበጥሻለሽ። አውራው ከደረቀ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት ሁሉንም አንሥቶ እንደገና ማሰናዳት ያስፈልጋል። ባይደርቅም በሦስት፣ በአራት ዓመት ሙሉውን ደን እንደ አንድ እንጀራ አንሥታችሁ ከሥሩና ከዳሩ መቁረጥ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ ሥሩ ተያይዞ አንድ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኮምቦልቻ ከመጣ ወጣት ነው፤ እኛ ጋ ይሞቃል፣ ጥድ ይሆናል ወይ አለ። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ጥዱ ይኖራል፣ ግን በምጣድ ላይ በጋውን ይቸገራል። አንተ ወይራ ያዝ። ለጠዋት ፀሐይ አውጣው፣ ከሰዓቱን አስጠልለው፤ በጋ ላይ ጠዋትና ማታ አጠጣው። ምጣዱንም ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አታስቀምጠው፣ ከሰዓት በኋላ ወለሉ ሲግል ሸክላው ሙቀቱን ወደ ሥሩ ያመጣዋል። ሁለት ብሎኬት ደርድርና ከላይ አድርገው፤ ውሃውም ከሥር እንደልቡ ይወጣል።